ቀዳዳው ከኋላ ነው

አጎትየው የሥራ ዘመኑን ጀርመን አገር በአውሮፕላን ጥገና ያሳለፈ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ለአንድ የግላይደር ክበብ በነፃ ሲያገለግል የኖረ፣ ጡረታ ሲወጣ ዳንግላ የገባ ሰው ነው። የእህቱ ልጅ እንጅባራ ፊዚክስ ታስተምራለች። በእጇ የያዘችው ከእርሳስ የማይወፍር፣ ጫፉ የታጠፈ የብረት ቱቦ ነው።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ይህን ክፍል ይዤ ብገባ ልጆቹ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ቀዳዳው የት እንዳለ ነው። ፒቶ ቱቦ ከሆነ አፉ ወደ ፊት ይከፈት ነበር። የዚህኛው ፊቱ ድፍን ነው።

አጎት፦ አገላብጪው። ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በጀርባው በኩል። አየሽው? ፒቶ ነፋሱን ፊት ለፊት ይቀበላል። ፈረንሳዊው አንሪ ፒቶ በ1732 እ.ኤ.አ. የሴን ወንዝን ፍጥነት የለካውም ቱቦውን ወደ ውሃው መምጫ አዙሮ ነው። ይሄ ግን ነፋሱ አልፎት ሲሄድ በጀርባው የሚፈጠረውን መሳብ ነው የሚያነበው።

መምህርቷ፦ መሳቡ ለምን ይፈለጋል?

አጎት፦ ግላይደር ሞተር የለውም። አየር ላይ የሚቆየው እንደ አሞራ ወደ ላይ የሚወጣ ሙቅ አየር ፈልጎ፣ እዚያው እየዞረ ነው። ሰው ደግሞ መውጣትና መውረዱን በአካሉ አያውቅም። መንቀጥቀጡን ያውቃል፣ ከዚያ በኋላ ይደናገራል። ስለዚህ ቬሪዮሜትር የሚባል ጌጅ አለው። ከጌጁ ጀርባ ግማሽ ሊትር የማይሞላ ጠርሙስ ይያያዛል። አውሮፕላኑ ሲወጣ የውጭው ግፊት ይቀንሳል፣ ከጠርሙሱ አየር ይወጣል፣ ሲወጣ መርፌውን ይገፋዋል። ሲወርድ ደግሞ አየር ይገባል።

መምህርቷ፦ እስከዚህ ድረስ ይህ ቱቦ አያስፈልግም። ተራ የውጭ ግፊት የሚቀበል ቀዳዳ ይበቃል።

አጎት፦ ይበቃ ነበር፣ አብራሪው ዘንጉን ባይነካ። ፈጥኖ ሲበር ዘንጉን ወደ ራሱ ከሳበ አፍንጫው ይነሳል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ከፍታው ይጨምራል። መርፌው "ወጣህ!" ይላል። እውነት ነው፣ ወጥቷል። ግን የወጣው በራሱ ፍጥነት ነው፤ አየሩ አልሰጠውም። ጀማሪው ሙቅ አየር ያገኘ መስሎት እዚያው ይዞራል፤ ሲዞር የሚያገኘው መውረድ ነው። እስኪ አንቺ አስይው፦ ከ150 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ 100 ቢወርድ ምን ያህል ከፍ ይላል?

መምህርቷ፦ ፍጥነቱን በሜትር በሰከንድ አድርጌ፣ በራሱ አባዝቼ፣ ለሁለት እጥፍ የምድር ስበት ሳካፍለው... በ150 ላይ 88 ሜትር ከግማሽ ይመጣል። በ100 ላይ 39 ገደማ። ልዩነቱ 49 ሜትር። በሰበቃ የሚጠፋውን ካልቆጠርን።

አጎት፦ ያንን በአምስት ሰከንድ ከወጣው ጌጁ በሰከንድ አሥር ሜትር ያህል ሲያሳይ ታያለሽ። ጥሩ የሚባል የከሰዓት ሙቅ አየር በሰከንድ ሁለት ሦስት ሜትር ነው የሚሰጥሽ። ውሸቱ ከእውነቱ ይበልጣል ማለት ነው።

መምህርቷ፦ ገባኝ። ይህ ቱቦ ያንን 49 ሜትር ይቀንሳል።

አጎት፦ እንዴት እንደሚቀንስ ንገሪኛ። አስተማሪዋ አንቺ ነሽ።

መምህርቷ፦ ፒቶው የሚያገኘው ጭማሪ ግፊት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ይሄዳል። ይሄኛው ያንኑ ያህል ከውጭው ግፊት ይቀንሳል። ዘንጉ ተስቦ ፍጥነት ሲወርድ መሳቡ ይላላል፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ይላል። በዚያው ቅጽበት ከፍታው በመጨመሩ ግፊቱ ይወርዳል። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ጌጁ ምንም አያይም!

አጎት፦ መርፌው ዝም ይላል። አየሩ ራሱ ሲያነሳው ብቻ ይናገራል። ጠቅላላ ኃይል የሚሉት ይህን ነው፤ ከፍታና ፍጥነት ተደምረው። ቀላል የሆነውን ቅርጽ ያወጣው ኦራን ኒክስ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ሰውየው በናሳ የጨረቃና የፕላኔቶች ጉዞ ፕሮግራሞች ኃላፊ ነበር፤ በ1965 እ.ኤ.አ. ማሪነር 4 ማርስን ፎቶ ሲያነሳ እሱ ነበር በቦታው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ግላይደር ይበር ነበር። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የታጠፈ ቱቦ፣ በጀርባው ቀዳዳ፣ ወደ ፊት ያዘመመ ጫፍ፣ ብሎ ጻፈው። ማርስ ድረስ መንኮራኩር የሚልክ ሰው ለዚህ ይጨነቃል? እኔ ደስ የሚለኝ ይሄ ነው። ከእሱ ሌላ ብራውንሽቫይግ በተባለችው የጀርመን ከተማ ስም የተሰየመ ዓይነትም አለ፤ እኛ ክበብ የነበረው እሱ ነው።

መምህርቷ፦ የሚተከለው የት ነው?

አጎት፦ አብዛኛውን ጊዜ በቋሚው ጅራት ፊት፣ ከክንፉና ከአካሉ ከሚረበሸው አየር ርቆ። አንዳንዱ ሦስቱንም በአንድ ላይ ይይዛል፦ ፒቶውን፣ የውጭውን ግፊት፣ ይሄንን። ሲያድር ይነቀላል፤ ሲበር ይሰካል። ሰው ግን ይረሳዋል። ሲገፉት በክንዳቸው ይመቱታል፣ ወደ ጋራዥ ሲያስገቡት በር ያጣምመዋል፣ ሸረሪት ይገባበታል። ያኔ ነው "ቀይርልን" ብለው የሚመጡት።

መምህርቷ፦ መቀየሩ እንግዲህ ቀላል ነው። ነቅሎ መሰካት።

አጎት፦ እሱ የሥራው ጥቂቱ ነው። ሰው ሁሉ የሚያስበው ግን እሱን ብቻ ነው። አንድ ግላይደር መጣ፤ ባለቤቱ አዲስ ቱቦ ገዝቶ ቀይሯል፣ መርፌው ግን ዘንጉ ሲሳብ አሁንም ይዘላል። ሌላ ዓይነት ገዛ። አሁንም ያው። ዳሽቦርዱን ስንከፍት ከጌጁ ጀርባ ያለው ፕላስቲክ ቱቦ ደርቆ፣ መጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ፀጉር አያስገባም። በዚያ ስንጥቅ የኮክፒቱ አየር እየገባ መሳቡን ያላላዋል። ዩሮ የወጣበት ቱቦ ጤነኛ፣ ጥቂት ሳንቲም የሚያወጣው ላስቲክ በሽተኛ!

መምህርቷ፦ ስለዚህ መጀመሪያ ምርመራ ነው።

አጎት፦ መጀመሪያ በአየር ላይ ነው የሚመረመረው። ማለዳ፣ አየሩ ሳይነቃ። 150 ይዘሽ ትበሪያለሽ፣ ዘንጉን በዝግታ ስበሽ 100 ታደርጊዋለሽ፣ መርፌውን ታያለሽ። ወደ ላይ ከዘለለ መሳቡ አንሷል፤ ቀዳዳው ተደፍኗል፣ ወይ መስመሩ ያፈሳል። ወደ ታች ከዘለለ ከልክ በላይ ስቧል፤ የቱቦው ቅርጽ ወይ አቀማመጡ ልክ አይደለም። ከዚያ ወርደሽ ሥራው ይጀመራል። ከሁሉ በፊት መስመሩን ከጌጁ ትለያለሽ። ይህን ሳያደርጉ በአፋቸው የሚነፉ ሰዎች አሉ! ኮምፕረሰር የሚያገናኝም አይቻለሁ። የጌጁ ውስጥ ከወረቀት የሳሳ ነገር ነው፤ በአንድ ትንፋሽ ይበላሻል። ለኢንጂነሮች ሳይቀር እንደ ሕፃን ነግሬያለሁ።

መምህርቷ፦ ስንት ነው የሚችለው?

አጎት፦ በባሕር ወለል ላይ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሰጠው ግፊት 470 ፓስካል አካባቢ ነው። በውሃ ቁመት ብትለኪው አምስት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ሰው ሳል ሲይዘው የሚያወጣው ከዚህ ይበልጣል።

መምህርቷ፦ ከዚያስ?

አጎት፦ ቱቦውን ቀጥ አድርገሽ ትስቢያለሽ፤ አታዞሪም። ስትነቅይ አሮጌው ኦሪንግ ሶኬቱ ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ በእሱ ላይ አዲሱን ብትሰኪ ለሳምንት ያህል ይይዛል፣ ከዚያ ያፈሳል። ስለዚህ ኦሪንጉን ቆጥረሽ አውጪ። አዲሱን ከአሮጌው ጎን አስተኚና ውፍረቱን፣ ርዝመቱን፣ የጫፉን ማዘንበል አስተያዪ። ለኦሪንጉ ጥቂት የሲሊኮን ቅባት። ስትሰኪ ጫፉ ወደ ፊት፣ ቀዳዳው ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን ሳያዘነብል። መጋጠሚያው ላይ ቴፕ። ቀዳዳው ከቆሸሸ ለስላሳ ነገር እንጂ መሰርሰሪያ አይነካውም። ቀዳዳውን ትንሽ ካሰፋሽው ቱቦው ሌላ ቱቦ ሆነ።

መምህርቷ፦ ከዚያ ይበራል።

አጎት፦ ከዚያ አይበርም! ሥራው አሁን ነው። ቀዳዳዎቹ ላይ ላስቲክ ታጠልቂያለሽ። መስመሩን ከፍጥነት ጌጁ የውጭ ግፊት መግቢያ ጋር ታያይዢያለሽ፤ በመሀሉ ሲሪንጅ። በጣም ቀስ ብለሽ ትስቢያለሽ። ጌጁ 100 ሲል ቱቦውን ትቆነጥጪና እጅሽን ታነሺያለሽ። መርፌው እዚያው ከቆመ መስመሩ ደህና ነው። ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ፤ መስመሩን በየመጋጠሚያው እየለያየሽ ታገኚዋለሽ። ይህ ረጅም ሥራ ነው፣ ማንም አያመሰግንሽም፣ ምክንያቱም በመጨረሻው የምታሳዪያቸው የቆመ መርፌ ብቻ ነው። ሲጠናቀቅ ላስቲኩን መንቀል። ይህን የረሳ አለ።

መምህርቷ፦ ቴፕ ስለረሱ የወደቀ አውሮፕላን አለ አይደል? አንድ ቦታ አንብቤያለሁ።

አጎት፦ የፔሩ። በ1996 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ወር። ሲያጥቡት የውጭ ግፊት ቀዳዳዎቹን በቴፕ ሸፈኑ፣ ሳይነቅሉት ሌሊት ተነሳ። አብራሪዎቹ ከፍታቸውንም ፍጥነታቸውንም የሚያምኑበት ነገር አጡ። ሰባ ሰው። ቀይ ባንዲራ ያለው መሸፈኛ የሚወደደው በምክንያት ነው።

መምህርቷ፦ ቅርብ ያለውን ልጠይቅዎት። የባሕር ዳሩስ? የ1981ዱ።

አጎት፦ ያ ሌላ ነው። መስከረም 5 ቀን፣ ከባሕር ዳር ሲነሳ እርግቦች ሞተሮቹ ውስጥ ገብተው ነው። ከ104 ሰዎች 35 ሞቱ። የግፊት ቱቦ አልነካውም። ለእኔ ከዚህ ሥራ ጋር የሚገናኘው የመጋቢት 1 ቀን 2011 ነው።

መምህርቷ፦ የአየር መንገዳችን በረራ 302።

አጎት፦ 302። መጀመሪያ ግን ከእሱ አራት ወር ያህል ቀድሞ የሆነውን ስሚ፤ ምክንያቱም ስለ መቀየር ነው። ያው የ737 ማክስ ዓይነት፣ የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር። በግራ በኩል ያለው፣ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ምን ያህል እንዳነሳ የሚለካ ሴንሰር ተበላሸ። ቱቦ አይደለም፣ ከነፋሱ ጋር የምትዞር ትንሽ ክንፍ ናት። ቀየሩት። የተቀየረው ፍሎሪዳ ባለ ወርክሾፕ ታድሶ የመጣ ነው። ሲታደስ በትክክል አልተስተካከለም፤ 21 ዲግሪ ይስት ነበር። ከተተከለ በኋላ መደረግ የነበረበት ፍተሻ በትክክል መደረጉን መርማሪዎች ማረጋገጥ አልቻሉም። ማታ በረረ፣ አስቸገረ፣ አረፈ። በማግሥቱ ጠዋት ባሕር ገባ። 189 ሰው።

መምህርቷ፦ አዲስ ዕቃ ነው ያስገቡት እንጂ...

አጎት፦ አሮጌው በግልጽ ተበላሽቶ ነበር፤ ስለዚህ ይጠረጥሩት ነበር። አዲሱን ማን ይጠረጥራል? ገብቷል፣ ተፈርሟል። እኔ ሁልጊዜ ወጣት መካኒክ ሲመጣ የማስፈራራው በዚህ ነው። ነቅለሽ የጣልሽው ዕቃ ሰው አይገድልም። የተከልሽው ይገድላል።

መምህርቷ፦ የኛስ?

አጎት፦ የኛ አልተቀየረም፤ አዲስ አውሮፕላን ነበር። ከቦሌ እንደተነሳ የግራው ሴንሰር የማይሆን ቁጥር ሰጠ፤ ቀኙ ትክክል ነበር። ኮምፒዩተሩ ግራውን ብቻ ሰምቶ አፍንጫውን ወደ ታች ደጋግሞ ጫነ። ስድስት ደቂቃ ብቻ፣ 157 ሰው፣ ከ35 አገር። ሴንሰሩ ለምን እንደከዳ መርማሪዎች አልተስማሙም፤ የኢትዮጵያው ሪፖርት ከኤሌክትሪክ ችግር ጋር ሲያያይዘው፣ አሜሪካኖቹና ፈረንሳዮቹ ወፍ ነው የመታው አሉ። ለኔ ግን ክርክሩ ሁለተኛ ነው። ሴንሰር ይበላሻል፤ በዚህ ሥራ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የማይገባኝ፣ አንድ ሴንሰር ብቻውን ሲናገር የሚሰማው ኮምፒዩተር ማን ሠራው?

መምህርቷ፦ በግላይደር እንዲህ አይሆንም?

አጎት፦ ግላይደሩ ውስጥ ቬሪዮሜትሩ ይዋሻል፣ ሰውየው ይሰማዋል፣ ከዚያ ምንም አይሆንም፤ ያለ ጥቅም ዞሮ ይወርዳል። ዘንጉን የሚነካ ኮምፒዩተር የለም። የፍጥነት ጌጁ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ከዋሸ ክንፉ መሸከሙን ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ነው የዚያ መስመር ምርመራ ከሁሉ የሚጠብቀው።

መምህርቷ፦ እሺ፣ ወደ አገራችን እንምጣ። ዛሬ አንድ ግላይደር እንጅባራ ላይ ቢቆም ጌጁ ምን ይላል?

አጎት፦ እንጅባራ ወደ 2,560 ሜትር ነው፣ ዳንግላ 2,140 ገደማ። ግፊቱ እንጅባራ ላይ ከባሕር ወለሉ ሦስት ሩብ ያህል ነው፤ አየሩም ቀጭን ነው። ጌጁ 100 ሲል በእውነት 117 ትበሪያለሽ። ጌጁ አልዋሸም፤ እሱ የሚያውቀው ግፊትን ነው፣ ክንፉም የሚሸከመው በግፊቱ ነው። ዋሸ የሚለው መንገዱን የሚለካ ሰው ነው። ስለዚህ መነሻ ሜዳው ይረዝማል፣ ማረፊያውም እንዲሁ።

መምህርቷ፦ ውሃ ሲፈላ የምናየው ያው ነው። እንጅባራ ላይ 92 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል፣ ባቄላው ግን አይበስልም ብለው ያማርራሉ። በድሮ ጊዜ ተራራ የሚለኩት በዚሁ ነው ይባላል።

አጎት፦ መንገደኞች በሚፈላ ውሃና በአኔሮይድ ባሮሜትር ነበር ከፍታ የሚለኩት። ዳንግላ ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን ይህን ሀገር እየዞረ ካርታ ያወጣው በዚያ ዘመን ነው፤ የጣናና የአባይ መጽሐፉ በ1936 እ.ኤ.አ. ወጣ። ግፊትን በመለካት መሬትን ማወቅ ለዚህች ከተማ እንግዳ አይደለም። ማለቴ፣ ቆንስሉ እንጂ እኛ አልለካንም።

መምህርቷ፦ ሙቅ አየርስ? የሚያነሳ አየር እዚህ አለ?

አጎት፦ የአዲስ ቅዳምን መንገድ ታውቂው የለ? ፋግታ ለኮማ ውስጥ ዲከረንስ የሚሉት ዛፍ ሲቃጠል የከሰል ጭሱን አይተሽ ታውቂያለሽ? ጠዋት ጭሱ ሸለቆው ላይ ተኝቶ ይቆያል፣ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ቀጥ ብሎ ይነሳና አንድ ቦታ ላይ ተቆርጦ ወደ ጎን ይሄዳል። ከዚያ በታች አየሩ እየወጣ ነው። አሞሮቹም እዚያው ይዞራሉ። በታረሰ መሬት ላይ ብዙ፣ ዘንገና ሐይቅ ላይ ምንም፤ ውሃና ደን ቀን ቀን ቀዝቃዛ ነው። አሞራ ያለ ጌጅ ያውቀዋል። ኮሊን ፔኒኩዊክ የሚባል የእንስሳት ተመራማሪ ሞተር ባለው ግላይደር ሴሬንጌቲ ላይ ጥንብ አንሳዎችን እየተከተለ እንዴት እንደሚያደርጉት አጥንቷል። ጥንብ አንሳ ክንፉን ሳያርገበግብ ሰማይን ያቋርጣል። አንዱ ዓይነት፣ የሩፔል የሚሉት፣ እኛም አገር ያለው፣ በ1973 እ.ኤ.አ. አቢጃን ላይ ከ11 ሺህ ሜትር በላይ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጨ።

መምህርቷ፦ ጌጅ ከሌለው በምን ያውቃል?

አጎት፦ እሱን እኔ አልመልስልሽም፤ እኔ መካኒክ ነኝ። የሚሠራውን ቱቦ ብቻ ነው የማውቀው።

መምህርቷ፦ ይህን ሁሉ ለተማሪዎቼ የማሳያቸው ግላይደር የለኝም። ይህችን ቱቦ ይዤ ባቀርብ ልጆቹ አይተው ይስቁብኛል።

አጎት፦ ግላይደር አያስፈልግሽም። ከመድኃኒት ቤት የግሉኮስ ቱቦ ግዢ፣ ሲሪንጅ ጨምሪ። ቱቦውን በዩ ቅርጽ አጥፈሽ ቀለም ያለው ውሃ አድርጊበት። አንዱን ጫፍ መጀመሪያ ወደ ሲሪንጁ፣ በኋላ ወደዚህ ቱቦ፤ ሌላውን ክፍት ተዪው። ከዚያ ሲሪንጁ ሲሳብ ውሃው የት እንደሚቆም ያያሉ። አምስት ሴንቲ ሜትሯን ታገኛለሽ።

መምህርቷ፦ ከባጃጅ ጎን አውጥቼ ብይዘውስ? ፍጥነቱን ከቱቦው አስልተው ከባጃጁ ጌጅ ጋር ያስተያዩታል።

አጎት፦ በእንጅባራ አየር በ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስንት ይሆናል?

መምህርቷ፦ የአየሩን ክብደት በሜትር ኪዩብ 0.89 ኪሎ ግራም ብዬ... 86 ፓስካል። በውሃ ወደ 9 ሚሊ ሜትር። ኧረ ጋሼ! ባጃጁ እየዘለለ 9 ሚሊ ሜትር ማን ያነበዋል?

አጎት፦ የቱቦውን ሁለቱንም እግሮች አጋድሚያቸው። ለእያንዳንዱ አሥር ሴንቲ ሜትር ርዝመት አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ እንዲነሱ ካደረግሽ፣ 9 ሚሊ ሜትሩ 9 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይታይሻል።

መምህርቷ፦ ባጃጁ ሲያዘነብልስ?

አጎት፦ እሱን አይተሽ ነው እንጂ። ባጃጁን ተዪው፣ የትምህርት ቤቱን ቬንቲሌተር አምጪ። መጀመሪያ ግን መስመሩ እንደማያፈስ አረጋግጪ።